የፈተና ውጤት እንደ ልኬት፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በሀገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚገለጥበት ሳምንት እንደ ሌሎቹ ሳምንታት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ውጤቱ የተነገረው በዘመን መለወጫ ግድም በመሆኑ፣ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን ለማክበር ዘመድ አዝማድ ከየአለበት ከሚሰባሰብበት ወቅት ጋር ይቀራረባል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በጃጁራም ሆነ በሺንሺቾ፣ ተፈታኝ ወዳለበት ቤት የሚገባ እንግዳ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ስንት አመጣህ?” ወይም “ስንት አመጣሽ?” መልሱም አንድ ቁጥር ነው። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከሁሉም በላይ ተማሪው ራሱ ከዚያች ቁጥር ተነሥተው ስለ ተማሪው አእምሮ፣ ስለ ትጋቱና ስለ መጪ ሕይወቱ ብያኔ ይሰጣሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ብያኔ ነው። ፊዚክስ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ቁጥርን ማክበር ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ቁጥርን ከሚያውቀው በላይ አለማናገር ነው። በቤተ ሙከራ ለተመዘገበ ማንኛውም ልኬት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የተለካው ምንድን ነው? መሣሪያው ምን ያህል ይሳሳታል? ልኬቱ የተወሰደው በምን ሁኔታ ነው? የፈተና ውጤትም ልኬት እንደ መሆኑ መጠን እነዚሁ ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። ጥያቄዎቹ በሚገባ ሲመለሱ፣ ያልጠበቀው ውጤት የደረሰው ወጣት ከሁለት አደጋዎች ይድናል፤ አንደኛው “እኔ የማልረባ ነኝ” የሚለው ተስፋ መቁረጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው “ጥፋቱ የፈተናው ነው፣ እኔ ምንም አልጎደለኝም” የሚለው ራስን ማታለል ነው።

አንድ መቶኛ፣ ሁለት ትርጉም

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜ፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ይህም 3.3 በመቶ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 2022 በአሜሪካ የሚገኘው ሃርቫርድ ኮሌጅ ካመለከቱት 61,220 ወጣቶች መካከል 1,954ቱን፣ ማለትም 3.2 በመቶውን ብቻ ተቀበለ። ሁለቱ መቶኛዎች መንትያ ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

የሃርቫርድ “አልተቀበልንህም” የመቀመጫ እጥረት ነው። ቦታው ወደ ሁለት ሺህ ሆኖ አመልካቹ ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን፣ አመልካቾቹ ሁሉ ሊቃውንት ቢሆኑም እንኳ ከመቶ ወደ 97 የሚሆኑት መቅረታቸው አይቀርም። ስለሆነም በውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ አጭር የይቅርታ ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ፣ ደብዳቤው ስለ እርሱ ችሎታ የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። የሀገራችን ፈተና ግን ሌላ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት የመግቢያ ነጥቡ የሚቆረጠው በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም እየታየ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግን መስፈርቱ 50 በመቶ ሆኖ ተወሰነ፤ ኩረጃን ለመከላከልም ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚህ ሥርዓት ማንም የማንንም መቀመጫ አይወስድም። ሁሉም ቢያመጣ ሁሉም ያልፋል፤ ማንም ባያመጣ ማንም አያልፍም። እዚህ ላይ ውድቀት የሚያመለክተው የቦታን ጥበት ሳይሆን የእውቀትን ጉድለት ነው። ጉድለቱ መኖሩን ሳንሸሽግ፣ ከወዴት እንደ መጣ ግን መጠየቅ ይኖርብናል።

አንደኛ የወጣ እንዴት ይወድቃል?

ብዙውን ጊዜ ሐዘኑን የሚያከብደው ውጤቱ ያልተጠበቀ መሆኑ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ስትወጣ የቆየች፣ በካርዷ ላይ 85 እና 90 የሚነበብላት ልጅ፣ በብሔራዊው ፈተና 40 ስታመጣ “ተሳስተው ይሆናል” ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በገበያ ላይ ስንዴ የሚመዘንበትን ሚዛን እናስብ። ሚዛኑ ምንም ሳይጫንበት 2 ኪሎ የሚያሳይ ከሆነ፣ የሚመዘኑት ጆንያዎች ሁሉ በ2 ኪሎ የከበዱ መስለው ይታያሉ። ሆኖም ከጆንያዎቹ መካከል የትኛው እንደሚበልጥ ሚዛኑ በትክክል ይናገራል። በልኬት ትምህርት ይህ የዜሮ ስህተት ይባላል፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መነሻው የተዛባ ነው። የትምህርት ቤት ካርድም እንዲሁ ነው። መምህሩ ፈተና የሚያወጣው ካስተማረው ክፍል ነው፤ ካልተሸፈነው ምዕራፍ አይጠይቅም፤ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራና የክፍል ተሳትፎም ነጥብ አላቸው። ብሔራዊው ፈተና ግን ሥርዓተ ትምህርቱ “መሸፈን ይገባዋል” ካለው ይጠይቃል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በመሆኑም ልጅቱ በክፍሏ አንደኛ መሆኗ ሐሰት አልነበረም። ሐሰት የሆነው ክፍሉ በሙሉ የቆመበት ደረጃ ነው። ይህንን የሚለይ ሰው አራት ዓመት የደከመበትን ትጋት እንደ ቅዠት አይቆጥረውም፤ ትጋቷ በትክክለኛው መነሻ ላይ ቢተከል ፍሬ እንደሚያፈራ ያስተውላል እንጂ።

ዕድል ምን ያህል ይሠራል?

“ዕድሌ ነው” የሚለው ቃል በሀገራችን ብዙ ይነገራል። ዕድል በርግጥ በፈተና ውስጥ ድርሻ አለው፤ ደግነቱ ድርሻው በስሌት የሚታወቅ ነው። 60 ጥያቄዎችና ለእያንዳንዱ አራት አማራጭ መልሶች ያሉት ፈተና እንውሰድ። አንድ ተማሪ 20ውን ጥያቄ በርግጠኝነት ያውቃል፤ የቀሩትን 40 ጥያቄዎች በግምት ይመልሳል። በግምት ከአራት አንዱን ስለሚያገኝ በአማካይ 10 ይጨመርለታል፤ ድምሩ 30 ማለትም 50 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን ይህ አማካይ ነው። በፕሮባብሊቲ ሕግ መሠረት ልክ እንደ እርሱ 20 ጥያቄ ብቻ ከሚያውቁ አምስት ተማሪዎች አራቱ ያህል ከ27 እስከ 33 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ይህም ማለት እኩል የሚያውቁ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ትምህርት አንዱ 45፣ ሌላው 55 ቢያመጡ የሚያስገርም አይደለም።

ስድስት ትምህርቶች ሲደመሩ ግን ዕድል እርስ በርሱ ይጣፋል። በአንዱ የጎደለው በሌላው ይሞላና፣ ከመቶ ወደ 95 ለሚሆኑት ተማሪዎች በዕድል ምክንያት የሚመጣው መዋዠቅ ከአማካይ ውጤታቸው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 4 ነጥብ አይሞላም። ከዚህ ስሌት ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ 48 ያመጣና 51 ያመጣ ተማሪ በእውቀት የሚለያዩ መሆናቸውን ፈተናው በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። አስተዳደር አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ስለሚሆንበት ያሰምራል፤ ተፈጥሮ ግን በዚያ ቦታ ላይ መስመር የላትም። ሁለተኛ፣ 30 ያመጣ ተማሪ ጉዳዩን በዕድል ሊያመካኝ አይችልም። የ20 ነጥብ ርቀት ከዕድል ክንድ እጅግ ይርቃል። ሦስተኛውና ምናልባትም መራራው፣ አንድም ጥያቄ ሳያነብ የገመተ ሰው በአማካይ 25 የሚያገኝ በመሆኑ፣ 50 ለማምጣት ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን በርግጠኝነት ማወቅ ይበቃል። ከ100 ተማሪዎች 97ቱ ያላለፉት ይህን መስፈርት ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ እንዴት በአንድነት ጎደለ?

ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ

የልኬት ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዘፈቀዳዊ ሲሆን፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይዋዥቃል፤ ከላይ ያየነው ዕድል ይህ ነው። ሁለተኛው ስልታዊ ይባላል፤ ሁሉንም ልኬት ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል። ዘፈቀዳዊው ስህተት ልኬቶችን ይበትናል፤ ስልታዊው ግን በአንድነት ይዞ ያዘነብላቸዋል። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች በሙሉ ተመሳሳይ የተዛባ ውጤት ካመጡ፣ አስተዋይ መምህር ተማሪዎቹን ከመገሠጹ በፊት መሣሪያውን ይመረምራል።

በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ሲሆኑ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ ፈተናውን ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ከ40 በላይ ነው። ውድቀት የግለሰብ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰነፍና ትጉህ በየትምህርት ቤቱ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ውጤቱም በየቦታው ተበትኖ ይታይ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ባሉበት ግቢ አንድ እንኳ አለማለፉ የስልታዊ ጉድለት ምልክት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ግልጽ ምክንያት እንጥቀስ፦ በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ተማሪዎች 10ኛ ክፍል ሳሉ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የዓመቱን ትምህርት ሳይጨርሱ ቀርተዋል። በከተማ በኢንተርኔትና በግል አስጠኚ የተካካሰው ያ ክፍተት፣ ሞባይል በሚጋሩና መብራት በሚቆራረጥባቸው ቤቶች እንደ ተከፈተ ቀርቷል። ቤተ ሙከራ የሌለው የኬሚስትሪ ትምህርት፣ ለሦስት ተማሪ አንድ የሆነ መጽሐፍ፣ ለወራት ያለ መምህር የቆየ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ሁሉም በዚያው አቅጣጫ ይገፋሉ።

ከዚህ ተነሥተው መስፈርቱ ይውረድ የሚሉ አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ሚዛኑን ብናዛባ ስንዴው አይጨምርም። ፈተናው በ2008 ዓ.ም. ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ እስከ መሰረዝ የደረሰበትን ጊዜ ያስታወሰ ሁሉ፣ የተዛባ ሚዛን ማንን እንደሚጎዳ ያውቃል፤ የሚጎዳው ሳይኮርጅ የሚፈተነውን ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ይጽና። ነገር ግን በሚዛኑ ላይ የወጣው ተማሪው ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅ። ትምህርት ቤቱም፣ ወረዳውም፣ ትምህርት ሚኒስቴሩም፣ መምህራንን አሠልጥነን የላክን እኛ ዩኒቨርሲቲዎችም አብረን ወጥተናል። በኋላ በተሰጡት ፈተናዎች መቶኛው በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ማለቱ የሚያጽናና ቢሆንም፣ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነውን ወጣት ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ ከሒሳብም ከፍትሕም ጋር አይገጥምም።

ድምሩ የሚሸፍነው

ስለ አልበርት አንስታይን “በሒሳብ ወድቆ ነበር” እየተባለ የሚነገረው እውነት አይደለም። እውነቱ ግን ከተረቱ ይልቅ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1895፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በዙሪክ የሚገኘውን የፖሊ ቴክኒክ ተቋም የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ አላለፈም። በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ ሆኖ ሳለ በጠቅላላ ዕውቀት ትምህርቶች ግን የሚፈለገውን አላመጣም። የተቋሙ ኃላፊ በአራው ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንዲጨርስ መከረው፤ እርሱም እንዲሁ አድርጎ በ1896 ገባ። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃንም ከሒሳብ በቀር ለሌላው ትምህርት ትኩረት ባለመስጠቱ የነጻ ትምህርት ዕድሉን አጥቷል፤ የኮሌጅ ፈተናም ደጋግሞ ወድቋል። በ1914 ወደ ካምብሪጅ ተጠርቶ በ1918 የሮያል ሶሳይቲ አባል ለመሆን በቅቷል።

እነዚህን ታሪኮች ያነሣሁት “የወደቀ ሁሉ አንስታይን ይሆናል” ለማለት አይደለም። ወድቀው የቀሩትን ታሪክ አይመዘግባቸውም፤ ስለዚህ ከጥቂት ዝነኞች ተነሥቶ ለሁሉ ተስፋ መስጠት ራሱ የልኬት ስህተት ነው። ታሪኮቹ የሚያስተምሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድምር ውጤት ክፍልፋዮቹን ይሸፍናል፤ 44 የሚል ቁጥር በሒሳብ 70፣ በእንግሊዝኛ 25 ያመጣውን ልጅ አያሳየንም። ሁለተኛ፣ አንስታይን በ1895 እና በ1896 መካከል ያገኘው አዲስ አእምሮ አይደለም፤ ያገኘው አንድ ዓመትና አንድ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የጃጁራው ወይም የሺንሺቾው ልጅም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በውጤት ማግሥት የሚወሰነው

በእኛ አካባቢ ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ሀዲያና ከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚደረገው ስደት የታወቁ ናቸው። ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠራው ቤት በየከተማው ይታያል፤ በመንገድ የቀረው ልጅ ግን አይታይም። ይህም ከላይ የጠቀስነው ስህተት ነው፤ የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ። ደላላው የውጤቱን ሳምንት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወጣቱ ባፈረበትና ቤተሰቡ በተከፋበት በዚያ ሳምንት በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይያዛል፣ ጉዞውም ይወሰናል።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። የሳይንስ ተማሪ ይህን በስሌት ሊያየው ይችላል። አንድ ትልቅ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 67 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። አንድ ሰው በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። 78 ሰዎች በጥብቅ በተዘጋ እንዲህ ያለ ሣጥን ውስጥ ቢገቡ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የጋዙ መጠን ወደ 10 በመቶ ይደርሳል፤ በዚያ መጠን ሰው ራሱን ይስታል። ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ የሚያልፈው መንገድ ግን የሰዓታት ሳይሆን የሳምንታት ነው። በሁለት ነጥብ ለጎደለ ውጤት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ሊሆን አይገባም። ሐዘን የመወሰኛ ጊዜ አይደለም። ውጤት በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የማይመለስ ውሳኔ ያለመወሰን ልማድ በየቤታችን ቢተከል ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር። እንዲሁም ዝም ያለ፣ ከሰው የሸሸ፣ እህል ያስጠላው ተፈታኝ ሲታይ፣ ታላላቆቹ ተግሣጹን ትተው አጠገቡ ሊቀመጡ ይገባል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለተፈታኙ። ውጤታችሁን በትምህርት ዓይነት ከፋፍላችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። ከ46 በላይ ያመጣችሁ ከመስመሩ ያላችሁ ርቀት በዕድል መዋዠቅ ክልል ውስጥ ነው፤ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ማለትም ሬሜዲያል፣ ከተፈቀደላችሁ ያለ ኀፍረት ግቡበት፤ ካልሆነም በግል ተፈታኝነት ዳግመኛ መሞከር ምክንያታዊ ነው። ከ35 እስከ 45 ያመጣችሁ፣ ጉድለቱ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት ውስጥ ተከማችቶ እንደሆነ መርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ወይም በሒሳብ ነው፤ የእነዚህ መጉደል ሌሎቹንም ይጎትታል። ከዚያ በታች የሆነ ውጤት የሚናገረው ክፍተቱ ከ12ኛ ክፍል በፊት መጀመሩን ነው። እንዲህ ከሆነ ያንኑ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ደጋግሞ መሸምደድ አይረዳም፤ የ9ኛ ክፍሉን ሒሳብ ከፍቶ መጀመር ይሻላል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም የወዳቂዎች መጠለያ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሞተር የሚጠግንና መብራት የሚዘረጋ ሰው በየቀኑ ተፈጥሮ ትፈትነዋለች፤ በዚያ ፈተና ኩረጃ የለም።

ቀጥሎ ለሚመለከታቸው አካላት። ተማሪ የሚደርሰው ውጤት በየትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በየምዕራፉ የት እንደ ደከመ የሚያሳይ ቢሆን፣ ቁጥሩ ከፍርድነት ወደ መመሪያነት ይለወጥ ነበር። ትምህርት ቤቶችም “ስንት አሳለፍን” ከሚለው ጋር “የትኛውን ምዕራፍ ሳናስተምር ቀረን” የሚለውን ለወላጅ ቢያስታውቁ መልካም ነው።

በመጨረሻ ይህን መጽሔት ለምታነቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። መስመሩን ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከመካከላችሁ በ2 ነጥብ ያለፈ፣ በ2 ነጥብ ከቀረው ጎረቤቱ እንደማይበልጥ ከላይ ያለው ስሌት ይመሰክራል። በክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ በጃጁራ፣ በጊምቢቹ፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስባችሁ ሒሳብና እንግሊዝኛ ብታስጠኑ፣ ያንን ስልታዊ ስህተት በጥቂቱ ታስተካክላላችሁ። የሚያስፈልገው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ሁለት ወር ነው። ያን ጊዜ ለበዓል የሚመጣው እንግዳ “ስንት አመጣህ?” ከሚለው ጥያቄ ጋር “ማን አስተማረህ?” ብሎም ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ መልስ መስጠት የሚገባን ብዙዎች ነን።